መቶ ሃያ ግራ

ወንድሜ ስልክ ሲያወራ ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። በማሽን ጩኸት መሀል ስላደገ ካልጮኸ የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለውም። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ከክፍሌ ስወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ኮት ካዘዘን የጥበቃ ድርጅት ኃላፊ ጋር ያወራል። «የኮቶቹን ነገር ተወው ወንድሜ፣ እህቴ ናት የቆረጠቻቸው» ይለዋል። «አእምሮዋን ታማብን ነበር፣ እኛም ዘግይተን ነው ያወቅነው። ሐኪሟ ባይፖላር ነው ብላለች። አሁን ሌላ ቆራጭ ቀጥሬያለሁ፣ ሐሳብ አይግባህ።» ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ እንደጣልኩ ደርቄ ቀረሁ። ባይፖላር የምትለዋን ቃል ከተማራት ገና ሃያ ቀኗ ነው፤ አፉ ላይ እንዴት እንደለሰለሰችለት ብትሰሙ ግን አብራው ያደገች ነው የሚመስላችሁ። በሽታው ያንቺ ነው የተባልኩት እኔ ግን ቃሏን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳን ድምፄን አውጥቼ አላልኳትም። እሱ ለልብስ ደንበኛ፣ በጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ ይላታል።

ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ዳቦ እየቆረጠች ነው። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ ግን ዓይኗን ከቢላዋው ላይ አላነሳችም። «ሰማሽው?» አልኳት። «ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለችኝ። ብርጭቆውን አነሳሁና ሳላስበው ጠረጴዛው ላይ ጠንከር አድርጌ መለስኩት። ያኔ ቀና አለች። «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» በቃ፣ ኑሯችን ይኸው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በእማዬ ቴሌቪዥን አንድ ሰውዬ ከነወንበሩ ሲገለበጥ አይቼ ሳቅኩ፤ ኪኒንሽን ዋጥሽ? በማግስቱ ደክሞኝ ዝም ብዬ ዋልኩ፤ ኪኒንሽን ዋጥሽ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ማንጎራጎር ስጀምር በሩን አንኳኳች። ድሮ ቱግ ስል «አባቷን ናት፣ ምን ታድርግ» ይባልልኝ ነበር። አሁን ቁጣዬ እንኳን ከአባቴ የወረስኩት መሆኑ ቀርቶ የኪኒን ጉድለት ሆኗል። እየዋጥኩ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንዷንም ሳልዘል። የወር ኪኒኔ ዋጋ የሁለት ኮት የእጅ ዋጋ ይሆናል፤ ይሁን፣ ለእሱ አይደለም የምናደደው።

የምናደደው ለእጄ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ። አንድ ላይ የተደራረበ መቶ ሃያ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ፣ የካርቶኑ ቅድ በጠመኔ ከላይ ተሥሎ፣ ስለታም ምላጭ ያለውን ማሽን እየገፋሁ በመስመሩ ላይ እሄዳለሁ። እጅ ትንሽ ካዘነበለ ከላይ የማይታይ ስህተት ከታች የጣት ስፋት ይሆናል፤ ታችኞቹ ኮቶች ተጣመው ይወጣሉ። ሊቲየም የሚሉትን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ሰው ሲጨብጡ አያስታውቅም፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ግን አራት ጊዜ መሞከር አለብኝ። ለዶክተሯ ስነግራት «ይለመዳል» አለችኝ። ማን ነው የሚለምደው፣ ጨርቁ? በሽታው እውነት ከሆነ ይሁን፣ እጄን ሰጥቼ ጭንቅላቴን አተረፍኩ ብዬ እጽናናለሁ። ግን በሌላ ሰው አፍ የተጻፈ ከሆነስ? እንጀራዬን ያሳጣኝ የወንድሜ ወሬ ከሆነስ? ዛሬ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ይሄንን ሳላጣራ ብገባ ሰው አይደለሁም ብዬ ልብሴን ለበስኩ።

ምርመራ የተባለውን ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ አርባ ደቂቃ እሱ አወራ፣ አምስት ደቂቃ እኔ። በአምስቷ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን አለቀስኩ። ዶክተሯ ለእሱ «እርስዎ» ትላለች፣ ለኔ «አንቺ»፤ የሁለታችን ዕድሜ ያን ያህል አይራራቅም፣ ልዩነቱ እሱ ከረባት ማሰሩ ነው። ሦስት ሌሊት አልተኛችም አላት። እውነት ነው፣ አልተኛሁም፤ የሦስት መቶ ኮት ትእዛዝ ተቀብሎ በአሥር ቀን አስረክባለሁ ብሎ የፈረመው ማን ሆነና ነው? የሚሰፉት ሴቶችም አልተኙም፤ አንዷ ማሽኑ ላይ አንቀላፍታ ጣቷን በመርፌ ወግታለች። እሷን ማን ወሰዳት? ቴሌቪዥኗን ለጎረቤት ሰጠች አላት። ድምፁ ብቻ የሚሰማ፣ ምስል የሌለው ቴሌቪዥን ነው፤ ለጥገና የሚከፈለው ከአዲሱ ዋጋ ስለማያንስ ሰጠሁት። ደንበኛ ላይ ጮኸች አላት። ጮኼያለሁ፣ ዛሬም ቢመጣ እጮህበታለሁ፤ የምትሰፋዋን ልጅ ወገቧን ይዞ ነው የተገኘው። በመጨረሻ ትልቁን አመጣው። ስልሳ ኮት የሚወጣው ጨርቅ አበላሸች፣ ግራ ከቀኝ መለየት አቅቷት ሁሉንም ግራ አድርጋ ቆረጠችው አላት። ያን ጊዜ ዶክተሯ መጻፏን ትታ አየችኝ። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ከቤት እስከ ስፌት ቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ከሃያ ቀን በኋላ ስገባ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሴቶቹ «ተሻለሽ?» አሉኝ፤ ሕፃን ልጅ ወድቆ ሲነሳ በሚባልበት ድምፅ። ተሻለኝ አልኩ፤ ምን ልበል። ጠረጴዛዬ ላይ የኔን ሽርጥ የታጠቀ ጎልማሳ ቆሟል፤ አዲሱ ቆራጭ መሆኑ ነው። ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ሲያየኝ ሽርጡን ሊፈታ እጁን ወደ ወገቡ ላከ፣ ከዚያ መፍታትም አለመፍታትም የሚያሳፍር ሆኖበት መሀል ላይ ቀረ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ሥራህን ሥራ» አልኩትና ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከክሁ። የተበላሸው ጨርቅ በሦስት ጆንያ ታስሮ እዚያው ተወሽቋል። የሚጣል አይደለም፣ የሚሰፋም አይደለም፤ ከዚያ ቀለም ሌላ ጣቃ ከየትም አልተገኘም፤ ቀኝ የሌለው ግራ ብቻውን ኮት አይሆን ነገር። አንዱን ጆንያ ፈታሁና ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት።

አየሁት። መስመሩ ልክ ነው፣ የብብቱ ዙሪያ ልክ ነው፣ የኪሱ ምልክት በቦታው ነው፤ እንዲያውም በሕይወቴ ከቆረጥኳቸው ሁሉ የጠራው ነው ብል አላፍርም። ሁሉም ግን የኮት ግራ ደረት ነው። ያኔ ነው ደሜ የፈላው፤ ምክንያቱም ይሄ ቆራጭ ሊሠራው የሚችል ስህተት አይደለም። ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። ሲነጠፍ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሚቀጥለው ፊቱን ወደ ታች እየተደረገ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚደራረበው። እንደዚያ ከሆነ ከላይ አንድ ግራ ሥለህ ስትቆርጥ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሆኖ ይወጣልሃል፤ ስልሳ ስልሳ። ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ካነጠፍከው ግን መቶ ሃያ ግራ ታገኛለህ፤ ቆራጩ መልአክ ቢሆን እንኳን ቀኝ አያወጣልህም። ስህተቱ ያነጠፈው ሰው ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ግራና ቀኜን የማላውቅ እብድ ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ግን ሲነጠፍ ጨርቁን አልነካሁም፤ ከምሳ ስመለስ ተነጥፎ ነው ያገኘሁት።

በስፌት ቤታችን የሚያነጥፉት ጋሽ ሜትር ናቸው። አባቴ ጋ የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ስማቸው ጠፍቶ በዚያው ቀርተዋል፤ ሰርግ ቤት እንኳን በኮታቸው ሥር ተንጠልጥሎ አይተናል። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «ጋሽ ሜትር፣ የጥበቃዎቹን ኮት ያነጠፉት እርስዎ ነዎት?» በከንፈራቸው የያዟትን መርፌ አወጡ። «እኔማ ጥርሴን የተነቀልኩ ዕለት ነው፣ ጉንጬ አብጦ ቤቴ ተኝቻለሁ» አሉኝ። «ታዲያ ማን አነጠፈው?» አልኳቸው። ከሴቶቹ አንዷ ማሽኗን ልታስነሳ ፔዳሉን ረገጥ አድርጋ ተወችው። ጋሽ ሜትር ወንድሜ ወደሚቀመጥበት የመስታወት ክፍል ለአንድ አፍታ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል፤ ደሞዝ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያውቃላ። ልነሳ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አንቺ ልጅ፣ ግን ጠርዙን ገልጠሽ አነጣጠፉን አላየሽም እንዴ? አንቺ እኮ ጠርዝ ሳትገልጪ ቆርጠሽ አታውቂም» አሉኝ ቀስ ብለው። እንዳልሰማ ሆኜ ሄድኩ።

ወንድሜ የመስታወት ክፍሉ ውስጥ ናሙና ቁልፎች እየለየ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ የአባቴ ፎቶ፣ ጨርቅ የሚመጣበት ካርቶን እስከ ጣራ ድረስ ተደራርቧል፤ በሩን ስትዘጋ የውጪው ጩኸት ይርቃል እንጂ አይጠፋም። ዘጋሁትና አንዱን ግራ ደረት ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «ጋሼ፣ ይሄን ያነጠፈው ማነው?» አልኩት። አየው። ቁልፎቹን በቀለም በቀለም መደርደሩን ቀጠለ፤ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቡናማውን ከቡናማ። ጠበቅሁት። እኔና እሱ ስናድግም እንዲህ ነበርን፤ እሱ አጥፍቶ ዝም ይላል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ቤተሰቡ የጮኸውን ይቆጣል። ዛሬ ግን አልጮህኩም። ብጮህ ለኪኒኑ ነው የምሠራለት።

«እኔ ነኝ» አለኝ በመጨረሻ። «ጋሽ ሜትር አልነበሩም፣ ቀኑ ደርሶብኛል፣ ደክሞኝ ነበር። ሳላስበው ሁሉንም በአንድ ገጽ አነጠፍኩት።»

«ታዲያ ለዶክተሯ ለምን እንደዚያ ብለህ ነገርካት?»

«ምን ለውጥ ያመጣል? እሱን ብተወው ሌላው የለም? እንዴት እንደነበርሽ አይተሻል? እኛ ነን ያየንሽ።» ቁልፎቹን መደርደር ተወ፤ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። «ሦስተኛው ቀን ላይ እንዴት እንደምትስቂ... ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ዶክተሯ እንድታምነኝ የሚጨበጥ ነገር ፈለግኩ። የኮቱን ነገር አነሳሁላት።»

የሚጨበጥ ነገር። እኔን ለማሳከም የራሱን ጥፋት አበደረኝ፣ ያውም ሳይጠይቀኝ። ደግሞ ለደንበኛውም ያንኑ ነግሮ ስሙን አጸዳበት፤ ይሄኛውም ለኔ ሕክምና ነው? ብዬ ጠየቅሁት። «አንቺ ሁልጊዜ ጠርዙን ታዪ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «እሷ ታየዋለች ብዬ ነው የተውኩት።» ጨርቁን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ስምንት ሰዓት ነው አይደል፣ መኪናውን ላምጣ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። እማዬ ትሰጋለች አለኝ። ትስጋ አልኩት።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከታቹ የመነጽር መሸጫ አለ። የምንጠብቅበት ኮሪደር ግድግዳው ግማሹ በዘይት ቀለም የተቀባ አረንጓዴ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ሰው የሚያየው ቦታ አጥቶ ጫማውን ያያል። ካርዴን ለነርሷ ስሰጣት ከኋላዬ አየችና «አስታማሚሽ የታል?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። «ያለ አስታማሚ አይገባም፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ወንድም አብሮ ይምጣ ይላል።» ማን እንደጻፈው ጠየቅኋት። ዶክተሯ ናት አለችኝ። «እግሬ ተሰብሮ አይደለም የመጣሁት፣ በሁለት እግሬ ደረጃውን ወጥቻለሁ» አልኳት። ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ከጫማቸው ቀና አሉ። ነርሷም እንደ እናቴ አየችኝ፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ እምላለሁ። ቀድሜ «አዎ፣ ውጫለሁ» አልኳት። አንድ አስታማሚ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት፤ ነርሷም ፈገግ አለችና ካርዴን ከሌሎቹ ጋር ይዛ ገባች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ስምንት የተባለው አሥር ሊል ነው።

ዶክተሯ ከኔ በአምስት ዓመት ብታንስ ነው። ደክሟታል፤ ምሳዋ ግማሽ ዳቦ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ዳር ተቀምጧል። «ወንድምሽስ?» አለችኝ። «እሱ ያለፈው ጊዜ ተናግሯል፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው» አልኳትና ፋይሌ ላይ የተጻፈውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። እንደዚያ አይደረግም አለችኝ። «የሰው ፋይል አይደለም፣ የኔ ነው። ይነበብልኝ ዶክተር፣ ወይ ደግሞ ራሴ ላንብበው።» ትንሽ አሰበችና እያወቀች እንደምትሳሳት ሰው ትከሻዋን ነቅንቃ ማንበብ ጀመረች። እንቅልፍ ማጣት። ዕቃ ማደል። ጠብ አጫሪነት። ስለ ሌሊቶቹ ነገርኳት፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኳት፣ ወገብ ስለሚይዘው ደንበኛ ነገርኳት፤ በዚህኛው ላይ አንገቷን ነቀነቀች፣ አንድ ነገርም ጻፈች። «የሥራ ብቃት በድንገት መውደቅ፣ ግራ ቀኝ መለየት አለመቻል» ብላ ስታነብ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ጨርቁ አልገባትም። ስፌት የማያውቅ ሰው አይገባውም፤ አልፈርድባትም። ስለዚህ ከጠረጴዛዋ ላይ ባንድ በኩል ብቻ የተጻፈባቸው አሮጌ ወረቀቶች አነሳሁ። «የተጻፈበት ፊቱ ነው እንበል፣ ባዶው ጀርባው» አልኳት። አራት ወረቀት ፊቱን ወደ ላይ ደረደርኩ፣ መቀሷን ተበድሬ በአንድ ላይ የግራ እጅ መዳፍ ቅርጽ ቆረጥኩና ዘረጋሁላት፤ አራት ግራ እጅ። ቀጥዬ ሌላ አራት፣ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት እያስተያየሁ አነጠፍኩና ያንኑ ቆረጥኩ፤ ሁለት ግራ፣ ሁለት ቀኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ጣቶቹ ተጣመው ወጡ፤ አየችው፣ እኔም ማየቷን አየሁ። አንዱን የወረቀት እጅ አንስታ ገለባበጠችው። «ስለዚህ ስህተቱ ያነጠፈው ሰው ነው» አለች። «ማን አነጠፈው?» ወንድሜ ነው አልኳት፤ ዛሬ በራሱ አፍ ነግሮኛል። ዶክተሯ ወደ ኋላ ተደገፈች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አለችኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ቸኩለን ይሆናል። ይሄኛው ባይኖር ኖሮ ያን ዕለት በዚህ መጠን አልጀምርልሽም ነበር። ይሄን ልሰርዘውና ኪኒኑን ቀስ በቀስ አቁመን እንይ። እጅሽም ይመለሳል።» እስክሪብቶዋን አነሳችና መስመሩ ላይ አሳረፈችው።

የመጣሁበትን አገኘሁ። እጅሽ ይመለሳል ተባልኩ። አመስግኜ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ ነገ ጠዋት ያን ሽርጥ ከዚያ ጎልማሳ ወገብ ላይ ማስፈታት ነበር የቀረኝ። ወንድሜ ውሸታም ሆኖ፣ እኔ ጤነኛ ሆኜ። ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ንዴቴ አልወጣልኝም። ስመጣ ወንድሜ ላይ ነው ብዬ ነበር፣ ዶክተሯ ላይ ነው ብዬ ነበር፣ እናቴ ላይ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ወንድሜና ዶክተሯ ልክ አይደለንም ካሉኝ በኋላ ንዴቱ ምንም ሳይጎድል እዚያው ደረቴ ላይ ነው። ጠዋት ጋሽ ሜትር ስለ ጠርዙ ሲጠይቁኝ ትቻቸው ሄድኩ፤ ወንድሜ ሲደግመው ጨርቅ አጥፌ ወጣሁ፤ ከዚህ ወንበር ተነስቼ የት ነው የምሄደው? እነሱ ስለኔ ቢሳሳቱ ያን ቀን በውስጤ የሆነውን ስላላወቁ ነው። እኔ ግን አውቃለሁ።

«አይሰርዙት» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

«እኔ ሁልጊዜ ሳልቆርጥ በፊት ጠርዙን እገልጣለሁ» አልኳት። «ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ባየው ኖሮ አንድ ገጽ መሆኑን አውቅ ነበር፣ እንደገና ይነጠፍ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳልገልጥ ቆርጬ አላውቅም። ያን ቀን አልገለጥኩም፤ ረስቼ አይደለም፣ ደክሞኝም አይደለም። አላስፈለገኝም። ከላይ ሆኜ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ታየኝ ዶክተር። መቶ ሃያውም። እያንዳንዱ ክር። መሰለኝ አይደለም የምልዎት፣ አየሁት፤ እጄን ብዘረጋ የታችኛውን ጨርቅ ከላይ ሆኜ የምነካው ያህል ነበር። ጠርዝ መግለጥ ለማያዩ ሰዎች ነው ብዬ ሳቅኩ። ወንድሜ የሰማው ሳቅ ያ ነው። እንደዚያ ያለ ደስታ ለማንም አልመኝም፣ ደግሞም በቀን አሥር ጊዜ እመኘዋለሁ።» የወረቀት እጆቹን ሰበሰብኩ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ነበር፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከአልጋ አልተነሳሁም። ቤተሰቦቼ ታይፎይድ ነው አሉ። እኔም ታይፎይድ ነው አልኩ።»

ይሄንን ለነፍስ አባትም ለጓደኛም ተናግሬው አላውቅም። ስጨርስ ቀለለኝ ብል ውሸት ነው፤ እጄ እዚያው ይንቀጠቀጣል፣ ምናልባትም ዕድሜዬን ሙሉ፣ ያንንም እያወቅሁ ነው አፌን የከፈትኩት። ከኮሪደሩ የነርሷ ድምፅ የሌላ ሰው ስም ይጣራል። ዶክተሯ በጥሞና ነበር የሰማችኝ፤ በደንብ፣ ዳቦዋን እንኳን ገፋ አድርጋ። አዲስ ወረቀት አወጣች፣ ቀኑን ጻፈችበት። ከዚያ ቆም አለችና በትሕትና፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ ጊዜ ለወንድምሽ ልደውልና ላረጋግጠው» ብላ እጇን ወደ ጠረጴዛው ስልክ ዘረጋች።

ቀድሜ መዳፌን ስልኩ ላይ ጫንኩት። እጀታው ከእጄ መንቀጥቀጥ የተነሳ ይንኳኳል፤ ለመደበቅ አልሞከርኩም።

«እሱ አያውቅም» አልኳት። «እሱ እዚያ አልነበረም። እኔ ነኝ የነበርኩት። ከኔ አፍ ይጻፉ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። እጇን ሰበሰበችና እስክሪብቶዋን አነሳች፤ የመጨረሻውን ቃል ጽፋ ነጥብ እስክታደርግ ድረስ መዳፌን ከስልኩ ላይ አላነሳሁም።